አንዲት ጭረት አልቀረችም

አባቴ ከሆስፒታል በወጣ በማግስቱ፣ ከምሳ በኋላ፣ የወርቅ ሰዓቱን ከእጁ ፈታና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ይህ የኔ አይደለም» አለ።

እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። ወንድሜ ሶፋው ላይ ሻይ ይጠጣ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። ባንስቅ ይሻል ነበር። ማየት የማይችል ሰው ፊት ሁለት ሰዎች አብረው ሲስቁ፣ እሱ የሚሰማው ሳቅ ሳይሆን መመሳጠር ነው።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለ አባቴ።

«ያንተው ነው እኮ አባዬ» አለ ወንድሜ። «ልነግርህ ስል ቀደምከኝ። ሆስፒታል ሳለህ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወስጄ አስወለወልኩት። ሲወጣ ደስ ይበለው ብዬ ነው። አዲስ ሆኖልሃል፤ አንዲት ጭረት አልቀረችም።»

አባቴ ሰዓቱን መልሶ አነሳና አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ አዞረ። ቀስ ብሎ አንድ ዙር፣ ከዚያ ሌላ ዙር። የሚፈልገውን አላገኘም።

«ወርቅ ቁስል አይደለም፣ አይሽርም» አለ።

ስለ አባቴ ጥቂት ካልተናገርኩ ያበደ ሊመስል ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጉምሩክ ፈታሽ ነበር፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ፈታሹ» እያለ ነው የሚጠራው። ሻንጣ በጣቱ አንኳኩቶ ድርብ ወለል ያለውን ይለይ ነበር። ሐሰተኛ ሽቶን በጠርሙሱ ክብደት፣ ሐሰተኛ ጫማን በስፌቱ ያውቅ ነበር። የዝንብ ጠንጋራ ያውቃል ማለት እሱ ነው። ሌላ ሰው በጸሎት ቀኑን ሲጀምር፣ እሱ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ይወጣ ነበር። ዓይኑ ቢጠፋም ጥርጣሬው አብሮ አልጠፋም፤ እንዲያውም ሌላ ሥራ ስላጣ ሌት ተቀን በዚያው ላይ ነው።

ሰዓቱን የገዛችለት ጨርቅ ነጋዴዋ እናቴ ናት፤ ነፍሷን ይማረው። ውድ ሰዓት ነው፤ በሰፈራችን ያን የመሰለ ያደረገ ሰው አላየሁም። ግን የጉምሩክ ሠራተኛ በወርቅ ሰዓት ከታየ የሰው አፍ አያስቀምጠውም። ስለዚህ አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሰዓቱ ከሸሚዞቹ ሥር ተኝቶ ኖረ። ጡረታ በወጣ በማግስቱ አጠለቀው። እናቴ «ቆጥበህ አድርገው» ስትለው፣ «እስከ ዛሬ ስቆጥብ አይደል እንዴ የኖርኩት?» ብሏት ከዚያ ወዲያ ከመታጠቢያና ከመኝታ በስተቀር አላወለቀውም።

ያልተቆጠበ ሰዓት ደግሞ ይጫራል። መቆለፊያው ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ሲተሻሽ ሻክሮ ነበር። ጎኑ ላይ የውጭው በር መቀርቀሪያ ያሰመረው ረጅም ጭረት ነበረ። ጠርዙ ላይ ደግሞ የስንዴ ፍሬ የምታህል ስርጉድ ነበረች። የሷ ታሪክ ከሌሎቹ ይከፋል። አባቴ ዓይኑ መፍዘዝ ሲጀምር ለማንም ሳይናገር ከረመ። እኛ ያወቅነው የውጭውን ደረጃ ስቶ የወደቀ ቀን ነው፤ ሰዓቱ ከብረቱ መደገፊያ ጋር ተጋጭቶ ያቺን ስርጉድ አተረፈ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት መሆኑን ነገረን፤ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ማስቆም ይቻል እንደነበርም ነገረን። ከዚያ ብዙም አልቆየ፣ ጨለመበት።

ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ አባቴ ጠዋት ሰዓቱን ሳስርለት አውራ ጣቱን በስርጉዷ፣ በረጅሙ ጭረት፣ በሻካራው መቆለፊያ ላይ በተራ ያሳርፍና «ሁሉም አለ» ይላል። ከዚያ ቁርሱን ይበላል። ይህን ወንድሜ አያውቅም፤ የሚኖረው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በሌላ ሰፈር ነው። እኔ አውቃለሁ። ሆኖም ከሆስፒታል ስንመለስ ወንድሜ ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ሲሰጠኝ፣ «እንዴት ያምራል» ብዬ ነው ያሰርኩለት። ለማን እንደሚያምር ራሴን አልጠየቅሁም። በማግስቱ ጠዋት ሳስርለት «ሁሉም አለ» አለማለቱንም ከሕመሙ ቆጠርኩት።

ወንድሜን በቤታችን «ሽቅርቅሩ» ነው የምንለው። የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ኃላፊ ነው። የተጫረ ጠረጴዛ ካየ በሰም ሳያሽ አይተኛም፤ ጸጉሩን ይቀባል፤ ሸሚዙ ላይ ሽብሽብ ከተገኘ የዓለም መጨረሻ ደርሷል። አባታችንን ለማስደሰት ያሰበው ራሱን የሚያስደስተውን ነገር ነው። ደግ ልብ እንዳለው አልክድም። ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ለማንኛውም ወንድሜ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ደወለና ስልኩን ጮክ አድርጎ ከአባቴ ፊት አስቀመጠው።

«አዎ፣ እኔው ነኝ የሠራሁት ጌታዬ» አለ ሰዓት ሠሪው በኩራት። «አንዷ ስርጉድ ጥልቅ ነበረች፤ እሷን ለማጥፋት ዙሪያዋን መሞረድ ነበረብኝ። ትቅር ብዬ ነበር፤ ልጅዎ ሁሉም ይጥፋ አሉኝ።»

አባቴ አመሰገነው፤ ስልኩ ተዘጋ።

«ሰማህ አይደል?» አለ ወንድሜ።

«አንድ ሰዓት መወልወሉን ሰማሁ። የኔ ሰዓት መሆኑን ግን አልሰማሁም። ሰውየው የሰጡትን ነው የወለወለው።» ከዚያ ፊቱን ወደ ስፌት መኪናዬ አዞረ። «ሆስፒታል ስገባ ሰዓቱን ፈትቼ ለማን ሰጠሁ?»

«ለኔ» አልኩ።

«አንቺስ?»

«ለወንድም ጋሼ። ቤት ባዶ ስለነበረ እሱ ዘንድ ይቀመጥ ብዬ።»

«ስመለስ ማን አሰረልኝ?»

«እኔ።»

«ስመለስ ሁለት ነገር ተለውጦ ነው ያገኘሁት» አለ፤ ድምፁ በጉምሩክ መጋዘኑ ሲፈትሽ የነበረው ድምፅ ሆነ። «አንዱ ሰዓቴ ነው። ሁለተኛው የስፌት መኪናሽ ድምፅ ነው። ስሄድ ሲንኳኳ ነበር፣ ስመለስ ይንሾካሾካል።»

 እውነት ነው፣ መኪናዬ ላይ ሞተር አስገጥሜ ነበር። ከልብስ ስፌቴ ሳጠራቅም ቆይቼ፣ እሱ ሆስፒታል እያለ ሥራ ስለፈታሁ በዚያው አስገጠምኩት። ላስደንቀው ብዬ ነበር። በዚያ ቤት አንድ ሰሞን ሁለት ሰው አባቱን ሊያስደንቅ መነሳቱ ነው ጉዱ።

«ሰዓትህን ሸጬ ሞተር የገዛሁ መሰለህ?» አልኩ።

«አንቺ» አለኝ፤ እሷ ቃል ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሆዴን በላችው። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠራኝ «ዓይኔ» እያለ ነው። «አንቺ፣ ሳልከፍተው በፊት የምትነግሪኝ አለ?»

ይህችን ጥያቄ በቤታችን የማያውቅ የለም። መጋዘኑ ውስጥ የተጠረጠረ ሻንጣ ሲመጣለት፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና መዳፉን ቁልፉ ላይ አድርጎ፣ «ሳልከፍተው በፊት የምትነግረኝ አለ?» ይል ነበር። ያመነ ሰው ቀረጡን ከፍሎ በሰላም ይሄዳል። ያላመነ ወዮለት። እኛንም ያሳደገን በዚሁ ደንብ ነው፤ ሰሃን የሰበረ ልጅ ቁም ሳጥኑ ሳይከፈት ካመነ አይመታም። ወንድሜ ታዲያ እኔ የሰበርኩትን ሁሉ «እኔ ነኝ» እያለ ነው የኖረው። አባቴም ያውቅ ነበር።

«የምነግርህ ነገር የለኝም» አልኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር። «ክፈተው።»

አባቴ ሰዓቱን ወደ ወንድሜ ዘረጋ።

«አንተ ያዝ። መቆለፊያውን ክፈትና ውስጡን በደንብ አይተህ ምን እንዳለ ንገረኝ።»

ወንድሜ ሰዓቱን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። አቀረበው፣ አራቀው፣ ወደ ብርሃን አዘነበለው። ቲያትር የሚሠራ መሰለኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ዞረ።

«ምንም የለም አባዬ። ጥርት ያለ ነው።»

 የአባቴ ጉንጭ ወረደ። የጠበቀው መልስ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«የኔ ሰዓት ውስጡ ምልክት አለው» አለ። «የወፍ እግር። እናታችሁ የሰጠችኝ ቀን ለቀልድ በመርፌ ጫርኩበት። ፈትሼ ባሳለፍኩት ሳጥን ሁሉ ላይ የማደርገው ምልክቴ ነበር፤ ተፈትሾ አልፏል ማለት ነው። ጣቴ አያገኘውም፣ በጣም ቀጭን ነው። የሚያይ ዓይን ይፈልጋል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንቺን ሊሸፍን ያልሰበረውን ሰበርኩ የሚለው ወንድምሽ እንኳ ምንም የለም አለ። ሰማሽ?»

ሰዓቱን ከወንድሜ እጅ ነጠቅሁ። መቆለፊያውን ከፈትኩ። እዚያው፣ ሰዓት ሠሪው ያልነካው ውስጠኛው ወርቅ ላይ፣ ሦስት ጣትና አንድ ተረከዝ ያላት የወፍ እግር ቁልጭ ብላ ተቀምጣለች። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ሲያስገባ ለሚውል ሰው ብቻ አይደለም፣ ለማንም ትታያለች።

«ይኸው አለ አባዬ። የወፍ እግር።»

«ምን እንደሆነ ከነገርኩሽ በኋላ?»

 እውነቱን ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላምነኝም ነበር።

«ጎረቤት ልጥራልህ» አልኩ።

«የፈለግሽውን ጥሪ። በሩን ሲገባ የወፍ እግር እያለ ነው የሚገባው።»

ወንድሜን በክንዱ ይዤ ወደ ማድ ቤት ጎተትኩት። በሩን ዘጋሁ።

«ለምንድን ነው የዋሸኸው?»

«አልዋሸሁም። አላየሁትማ።»

«በሬ የሚያህል ነገር እንዴት አታይም?»

«ብርሃኑ ይሆናላ። ከመስታወቱ ጋር ተንጸባርቆ ይሆናል» አለ፤ ዓይኑን ከኔ ላይ አነሳ። «ደግሞ የጠየቀኝ ጭረት ቀርቶ እንደሆነ መሰለኝ። ምንም የለም ማለት ጥሩ መልስ ነው ብዬ ነው።»

«እሺ፣ አሁን ሂድና ንገረው። ተሳስቻለሁ፣ ደግሜ ሳይ አለ በለው።»

«አያምነኝም።»

«ሞክራ።»

የሸሚዙን እጅጌ ማስተካከል ጀመረ። ያን ጊዜ የከረመ ቂሜ ሁሉ ገነፈለ። ባለፈው ሰሞን መንገድ ላይ በፊቴ አልፎኝ ሰላም አላለኝም፤ ሱፍ ለብሶ ከደንበኛ ጋር ስለነበረ በኔ ያፈረ መስሎኝ አልቅሼ ነው የገባሁት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አባቱን መጠየቅ ትቷል፤ መኪናዋ ጋራዥ ገብታለች ይላል። ጋራዥ የገባች መኪና ይህን ያህል አትቆይም። አሁን ደግሞ ይህ።

«ከዚህ ቤት እንድወጣ ነው አይደል የምትፈልገው?» አልኩት። «ባሏ የፈታት እህት አባትህ ቤት ተቀምጣ ስትሰፋ ለወሬ አልተመቸችህም።»

ፊቱ ተለዋወጠ።  ብርጭቆ አንስቶ ከማሰሮው ውኃ ሊቀዳ ሲል ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እጁ ከንዴት የተንቀጠቀጠ መሰለኝና እንኳን ተንቀጠቀጠ ብዬ ወጣሁ።

አሥር ሰዓት የአባቴ የልብ መድኃኒት የሚወሰድበት ሰዓት ነው። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ሁለት ነገር ደጋግሞ ነግሮኛል። የልቡ ክኒን ከሰዓቱ እንዳይዘገይ፤ ከዘገየ ትንፋሹ ያጥረዋል። ደም ማቅጠኛው ደግሞ ጠዋት አንዴ ብቻ፤ ሁለተኛ ከተደገመ ውስጡ ሊደማ ይችላል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ጠርሙሳቸው አንድ ዓይነት ነው። የሚለያቸው የተለጠፈባቸው ወረቀት ብቻ ነው።

ክኒኑንና ውኃውን ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። እንደ ወትሮው ከንፈሩን በክኒኑ ነካሁት። አፉን አልከፈተም።

«አባዬ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

«የትኛው ሰዓት?» አለ።

«ተው፤ በመድኃኒት አትቀልድ።»

«ሰዓት የለወጠ እጅ ክኒን አይለውጥም?»

ባሌ ጓዙን ሸክፎ የወጣ ቀን እንደዚያ አላመመኝም። እኔ እኮ ጥፍሩን የምቆርጥለት ነኝ፤ ዓሣ ስሰጠው አጥንቱን ለቅሜ፣ ሻዩን በራሴ ከንፈር ቀምሼ ነው። ማየት የማይችል ሰው የተሰጠውን ሁሉ በእምነት ነው የሚውጠው፣ እምነቱ ካለቀ ምን ይውጣል? ክኒኑ መዳፌ ላይ ላብ ጠጣ። እየቆየ ሄደ። የአባቴ ትከሻ ከያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ለመንኩት። ተቆጣሁት። በእናቴ አጥንት ለመንኩት። ወይ ፍንክች።

«ልጄ ይስጠኝ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ራቅ በይ። እሱ ራሱ ከመደርደሪያው ያውጣልኝ።»

ወንድሜ በማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ የከፋኝ ነኝና፣ «ስጠው እንጂ፣ አንተ የታመንከው» ብዬ ከመንገዱ ገለል አልኩለት።

መደርደሪያው ጥግ ላይ ነው፣ ከመስኮቱ ራቅ ይላል። ወንድሜ እጁን ሰደደ። አንደኛውን ጠርሙስ አነሳ፣ ነቀነቀው፣ አስቀመጠው። ሌላውን አነሳ። እንደገና የመጀመሪያውን አነሳ። ከዚያ ከፈተና አንዲት ክኒን መዳፉ ላይ ጣለ። የያዘው የጠዋቱን ጠርሙስ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ እሱ አይደለም» አልኩ።

«ዝም በይ» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ የያዘው ደም ማቅጠኛውን ነው። ጠዋት ወስደሃል...»

«ዝም በይ አልኩሽ። የወፍ እግሩንም አለ ብለሽኛል።» ትንፋሹ ቃሉን እየቆራረጠበት ነበር። «ና ልጄ። ስጠኝ።»

ወንድሜ መጣ። አባቴ አፉን ከፈተ፣ ልክ ለኔ እንደሚከፍተው። ሄጄ እጁን ብመታው አባቴ ዳግመኛ ከማንም እጅ አይወስድም፣ ይህን አውቃለሁ። ዝም ብል ደግሞ ይውጠዋል።  የወንድሜ እጅ ከአባቴ ከንፈር አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ቆመ። ፊቱን ወደኔ አዞረ። ሽቅርቅሩ ወንድሜ፣ ሸሚዙ ሳይጨማደድ የሚወለድ የሚመስለው፣ በላብ ተጠምቋል። ፊቱ ላይ ክፋት ፈልጌ አጣሁ። የነበረው ፍርሃት ነው።

«ጠርሙሱን አንብብለት» አልኩ ቀስ ብዬ። «የተጻፈውን ጮክ ብለህ አንብብለት፤ እኔ ዝም እላለሁ።»

ጠርሙሱን አነሳ። ወደ ዓይኑ አቀረበው። አራቀው። ወደ መስኮቱ ዞሮ አዘነበለው፣ ልክ ቅድም ሰዓቱን እንዳዘነበለው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንዴ ራሴ ላይ ወረደ፤ መንገድ ላይ አልፎኝ የሄደው፣ ከጋራዥ የማትወጣው መኪና፣ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰው ውኃ። እኔ ኩራት ያልኩት ሁሉ።

በክፍሉ ውስጥ ከአባቴ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። አባቴ አፉን ዘጋ። ጆሮውን ወደ ወንድሜ አዘነበለ። ስንት ዓመት የሰውን ዝምታ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው፤ ይህኛውን ዝምታ ደግሞ ከማንም የበለጠ ያውቀዋል፣ ራሱም ዝም ብሎት ነበርና። እጁን ዘረጋ፣ በአየሩ ውስጥ እየፈለገ የወንድሜን እጅ አገኘ፣ ከዚያ መዳፉን በጠርሙሱ ላይ ከደነ።

«ሳልከፍተው በፊት» አለ፤ ድምፁ የመጋዘኑ ድምፅ አልነበረም፤ «የምትነግረኝ አለ?»

ወንድሜ ተንበረከከ። የተተኮሰ ሱሪውን ይዞ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ።

«አይታየኝም አባዬ» አለ።

ሄጄ ክኒኑን ከመዳፉ ወሰድኩ። ማንም አልከለከለኝም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ አባቴ።

«ከአምና ጀምሮ። ከዳር ከዳር ነው የጀመረው። አሁን ማታ ጭራሽ አይታየኝም። ትንንሽ ጽሑፍም አይታየኝም።»

«ሐኪም?»

«አልሄድኩም።»

«ለምን?»

«አንተስ ለምን አልሄድክም?» አለ ወንድሜ፣ እንደ ልጅ እያለቀሰ።

አባቴ መዳፉን ከጠርሙሱ ላይ አነሳ። 

«ፈርቼ ነው» አለ። ይህችን ቃል ከአባቴ አፍ ስሰማ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ባዶ ዓይኑን እኔ ወዳለሁበት አዞረ። «ዓይኔ፣ መድኃኒቴን አምጪልኝ።»

አመጣሁ። መልአክ ስላልሆንኩ ግን ወዲያው አልሰጠሁትም።

«ሰዓቱስ?» አልኩት።

«የኔ ነው። ፈትሼ ተሳሳትኩ።»

«እኔስ?»

«አንቺንም ፈትሼ ተሳሳትኩ» አለና አፉን ከፈተ።

ክኒኑን ምላሱ ላይ አደረግሁለት፣ ውኃውን አስጎነጨሁት። ከንፈሩ ጣቴን ሲነካው እንባዬ መጣ፤ ማንም ስላላየኝ በደንብ አለቀስኩ። ትከሻው እስኪረጋ ሦስታችንም ከቦታችን አልተነሳንም። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር።

አባቴ ደኅና ሲሆን መጀመሪያ የተናገረው እንደ ትእዛዝ ነው።

«ነገ ጠዋት እህትህ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይዛህ ትሄዳለች። ሱቅ አለብኝ ብትል አልሰማህም። እኔን ያመለጠኝ አንተን ገና አላመለጠህም ይሆናል።» ጠረጴዛውን ዳበሰና ሰዓቱን አገኘ። «እጅህን አምጣ።»

«አይሆንም አባዬ፣ ያንተ ነው።»

«እጅህን አምጣ አልኩ። እኔ ምን አደርገዋለሁ? ጣቴ የሚያውቀውን ሁሉ አስሞርደህ ጨርሰህበታል።» እየዳበሰ ራሱ አሰረለት። «ይህን ሰዓት አትጠንቀቅለት። በር ይምታው፣ ጠረጴዛ ይፈግፍገው። እያንዳንዷን ጭረት ግን ገና ማየት ስትችል እያት፤ ካየሃት በኋላ ዓይንህን ጨፍነህ ዳብሳት። ሐኪሙ ካዳነህ ያረጀ ሰዓት ይኖርሃል፣ ሌላ ምን ይጎዳሃል? ካላዳነህ ደግሞ ጠዋት ስትነሳ የምትቆጥረው ነገር ይኖርሃል።»

 ወንድሜ የሚያብረቀርቀውን ሰዓት አየው፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ከኪሱ ባወጣው መሐረብ የጣት አሻራ ሊጠርግበት ጀመረና መልሶ ተወው።

ሊመሽ ሲል ታክሲ ላሳፍረው አብሬው ወጣሁ። ክንዱን ያዝኩት፤ እሱም እንድይዘው ተወኝ። ደረጃውን በዝግታ ወረድን፣ «አንድ ቀርቷል» እያልኩት። የውጭው በር ጋ ስንደርስ መቀርቀሪያውን ሊከፍት እጁን ሰደደ፣ ጥቂት ስቶ አለፈ፣ ሰዓቱ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። ድምፁ በግቢው ውስጥ ተሰማ። ወንድሜ ክው ብሎ ቆመ፤ ወዲያው ሰዓቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ።

ከፎቁ፣ ከተከፈተው መስኮት፣ የአባቴ ድምፅ መጣ።

«የት ላይ ነው?»

ወንድሜ በቀረው ብርሃን ጠርዙን ፈለገ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና አውራ ጣቱን አሳረፈበት።

«ከታች በኩል ነው አባዬ» አለ። «አገኘኋት።»